“ይቅርብዎት” ብሎ መመለስ ይበቃል ወይ?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜያችን አንዲት እናት የክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸው አራተኛ ክፍል ነው። “መምህር” አሉን፣ “አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለልጁ ጌም ልልክለት ነው ይላል። የቱን ይላክ ልበለው? እናንተ ወጣቶች ስለሆናችሁ ታውቁታላችሁ ብዬ ነው።” እኛም እርስ በርሳችን ተያየንና የተማርነውን የልጆች ሥነ ልቦና ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልለን መለስንላቸው፦ “ይቅርብዎት እትዬ፣ ትምህርቱን ያበላሽበታል።”

አመስግነውን ሄዱ። ወንድምየው ግን ላከ። የላከው ያገለገለ ማጫወቻ ነበር። ልጁ ከካርቶኑ እንዳወጣው የስፒና መቀየሪያ አገኘለትና ሶኬቱ ላይ ሰካው። ጧ አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ በቃ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ውሎው ፕሌይስቴሽን ቤት ሆነ። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የአጎትየው ነው? የልጁ ነው? በእኛ አስተያየት ከሁሉ በፊት የእኛ ነው። ተጠየቅን፣ አላወቅንም፣ አለማወቃችንንም በምክር ሸፈንነው።

ይህንኑ ጉዳይ በማታው ውይይት ላይ ብናነሳው አብዛኞቹ ሰልጣኞች “ደግሞ መምህር የጌም አማካሪ ሊሆን ነው እንዴ?” ብለው ሳቁብን። አንዳንዶቹም የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በሽታ ብሎታል ሲሉ ተከራከሩ። እውነት ነው፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስን አስገብቷል። ነገር ግን በሽታ ያለው ጨዋታውን መግታት አቅቶት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ትምህርቱም ሥራውም ኑሮውም የተናጋበትን ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእኅቱ ጋር ኳስ የሚጫወተውን ልጅ አላለም። ሁለቱን ሳይለይ የሚያስፈራራ መምህር ወላጅ አንዴ ይሰማው ይሆናል፣ ሁለተኛ አይጠይቀውም።

ደግሞስ “ይቅርብዎት” ያልነው ልጅ የት ሄደ? ፕሌይስቴሽን ቤት። እዚያ በጨዋታ ይከፈላል፣ የተሸነፈ ይከፍላል የሚል ውርርድ አለ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ከጎረምሳ ጎን ተቀምጦ መኪና ዘረፋና ግድያ ሲጫወት “አንተ ስንት ዓመትህ ነው?” የሚለው የለም። ቤቱን የከፈተውን ሰው አንወቅስም፣ እንጀራው ነው። እኛ የምንለው ልጁ መጫወቱ ካልቀረ እናቱ በሚያዩት ሳሎን ይጫወት ነው። ለዚህ ደግሞ ማጫወቻው በትክክል መመረጥና በትክክል መተከል አለበት፣ ይህን ለወላጅ ማስረዳትም ሥራችን ነው።

እንግዲህ ከተቃጠለው እንጀምር። ማንኛውም ማጫወቻ የመብራት መስጫው ላይ ወይም ከጀርባው የተጻፈ ቁጥር አለው። “100–240” የሚል ከሆነ ስፒናውን ብቻ ማስተካከል ነው፣ አገራችን ላይ ይሠራል። “120” ወይም “100–127” የሚል ከሆነ ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር የሌለው ቤት አይስካው። ከአሜሪካ የሚመጣው ኤክስቦክስ 360 እና ኒንቴንዶ ዊ እንደዚህ ናቸው። ፕሌይስቴሽን 5 እና ኒንቴንዶ ስዊች ግን ሁለቱንም ይችላሉ። አጎትየው ከመላኩ በፊት ይህን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ቢልክልን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ። ፕሌይስቴሽን 4 የሚወጣው በኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። ቤት ያለው ያ ጀርባው ትልቅ የድሮ ቴሌቪዥን ከሆነ፣ ቢጫ ቀይ ነጭ ገመድ የሚቀበለው ማለታችን ነው፣ መቀየሪያ ይፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 2 እና 3 ግን በዚያው ገመድ ይሠራሉ።

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚሸወደው ግን በዲስኩ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ረከስ ስላለ ዲስክ የማይቀበለውን ማጫወቻ ይገዛል። እዚያ ኢንተርኔቱ ውኃ ነው፣ ችግሩ አይታየውም። እዚህ ግን አንድ ጌም ለማውረድ 40 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ሲጠይቅ የማን ፓኬጅ ይችለዋል? የ2023ቱ ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 ለብቻው ተገዝቶ የሚገጠም ዲስክ አንባቢ አለው፣ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይጠይቃል። የድሮዎቹም ሱቃቸው ተዘግቷል፦ የዊ እ.ኤ.አ. በ2019፣ የኤክስቦክስ 360 በ2024። ስለዚህ ያገለገለ ሲገዛ ዲስኩ አብሮ ይምጣ።

በእኛ በኩል ለአራተኛ ክፍል ልጅ የምንመርጠው ሰፈሩ ውስጥ የበዛውን ነው። ስዊች ለትንሽ እጅ የተመቸ ነው፣ አንክድም፣ ግን ጎረቤት ከሌለው ካርዱን ከማን ይዋሳል? ዲስክ የሚቀበል ፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ ልጆቹ ይለዋወጡበታል፣ ሲበላሽም ጥገና ቤቱ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፣ አርጅቷል የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ ለልጅ አዲስነት ምን ያደርግለታል? ለትርፍ ጌም የሚወጣው ገንዘብም ለሁለተኛ ጆይስቲክ ይሁን። ሁለት ልጅ ባለበት ቤት አንድ ጆይስቲክ መግዛት ጠብ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ተከላው። ማጫወቻውን ልጁ ሳያየው፣ ማታ፣ ትልቅ ሰው ይክፈተው። ልጁ መጀመሪያ ከከፈተው የልደት ዘመኑን 1990 ብሎ ይሞላና ማሽኑ እንደ ሽማግሌ ያከብረዋል! የልጁ አካውንት በእውነተኛ ዕድሜው ይውጣ፣ የሚከለከለውና የሚፈቀደው የሚታወቀው በሱ ነውና። የፕሌይስቴሽን 4 የወላጅ መቆለፊያ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ አራት ዜሮ ነው። ይህን ሳይቀይሩ “ቆልፌዋለሁ” የሚል አባት በሩን ዘግቶ ቁልፉን እደጃፉ እንደሰቀለ ሰው ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የአጎትየው የባንክ ካርድ ደግሞ እዚያ ውስጥ አይቀመጥ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሆነው ያ ፊፋ የምንለው ጨዋታ ራሱ በውስጡ ተጫዋቾችን በዕጣ የሚሸጥበት ገበያ አለው። ቤልጂየም እንዲህ ያለውን የዕጣ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው ብላዋለች።

ዲስኩ ሽፋን ላይ ዕድሜ ተጽፏል። የአውሮፓው በቁጥር ነው፦ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18። የአሜሪካው በፊደል ነው፦ ኢ ለሁሉም፣ ቲ ከ13 ዓመት ጀምሮ፣ ኤም ከ17 ጀምሮ። ጂቲኤ 5 በአውሮፓ 18፣ በአሜሪካ ኤም ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ታሪኩን ከእኛ በላይ ይተርኩታል፣ ይህን በጆሯችን ሰምተናል።

የሚቀመጠውም መኝታ ቤት ሳይሆን ሳሎን፣ ብፌው ላይ ነው። እናቶቻችን ይቅር ይበሉንና ዳንቴል አይደረግበት! ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከታፈነ ማሽኑ ይቃጠላል። ምንጣፍ ላይም አይቀመጥ፣ አቧራውን ይስባል። መብራት ሲሄድ ስፒናው ይነቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ይቆይ፣ መብራት ሲመለስ የሚጎዳው ዕቃ ብዙ ነውና። ስታብላይዘር ካለማ ጥሩ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ አምራቾቹ ራሳቸው በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ዕረፍት ይውሰድ ይላሉ። ለልጅ ግን ደቂቃ ቆጥሮ መስጠት ለጠብ ነው። ግማሽ ሰዓት ተብሎ ጎል ሊያገባ ሲል “ዝጋ!” ቢባል ማን ያልቅሳል? ልጁ ነዋ፣ እኛም ብንሆን እናለቅሳለን። “ሁለት ጨዋታ” ይባል። አጋማሹ 6 ደቂቃ ከተደረገ አንዱ ጨዋታ ከነዕረፍቱ ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ሁለቱ ግማሽ ሰዓት፣ ልጁም ራሱ ያውቀዋል።

ባለፈው እሑድ እናቲቱ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ቡና አፍልተው ተቀበሉን፣ ነገሩን ረስተውታል ማለት ይቻላል፣ ልጁ ግን አልረሳውም። ማጫወቻውን አምጥቶ አሳየን፣ ከጀርባው የተጻፈውንም ቁጥር አብረን አነበብነው። የተቃጠለው የመብራት መስጫው ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ለ220 የሚሆን ተፈልጎ ይሞከራል ተብሏል። አጎትየውንም በስልክ አግኝተን ዲስኮቹን በሰው እንዲልክ ነግረነዋል።

“የመምህር ሥራ አይደለም” የምትሉ ጓደኞቻችን ተቃውሟችሁን ጽፋችሁ እስከ ዓርብ ድረስ ከዚህ ግድግዳ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ አስገቡ፣ በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን ይለጠፋል።