ዕዳ በምጽዋት አይከፈልም

ባለፈው ክረምት በምኖርበት ሰፈር አንድ ደስ የሚል ሥነ ሥርዓት ተካሂዶ ነበር፡፡ ከመንደራችን ጎን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚገነባ አንድ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት የአንዲት አረጋዊት እናትን የጭቃ ቤት አፍርሶ፣ በብሎኬት ሠርቶ ቁልፉን አስረከባቸው፡፡ ድንኳን ተጥሎ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ዳቦ ተቆርሶ ነበር፡፡ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ «ከኅብረተሰቡ ያገኘነውን ለኅብረተሰቡ እንመልሳለን» ሲሉ እኔም ከጎረቤቶቼ ጋር አጨበጨብሁ፡፡ እናትም እንባቸውን እየጠረጉ መረቁ፡፡ ምርቃቱ የሚገባ ምርቃት ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በየማዕዘኑ ሳህን እየደረደሩ ጠብታ ሲቆጥሩ ያድሩ ለነበሩ ሰው ደረቅ ጣሪያ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ከዚያ ሥነ ሥርዓት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ በዚያው ሕንፃ ላይ የሚሠራ፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ የሆነ የቀን ሠራተኛ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቋል፡፡ የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰብሮ ነው፡፡ ወገቡን የሚይዝ ቀበቶ አልነበረውም፤ በራሱ ላይ የነበረውም የሹራብ ኮፍያ ነው፡፡ ነፍሱ ተርፋለች፤ እግሮቹ ግን እንደ ቀድሞው አይታዘዙለትም፡፡ ድርጅቱ ሆስፒታል ያደረሰውን መኪናና የዚያን ቀን ምንዳውን ቻለ፡፡ የቀረውን የሸፈኑት ጓደኞቹ ናቸው፤ የሲሚንቶ ከረጢት ቀደው፣ በጀርባው ስም እየመዘገቡ፣ በየቤቱ እየዞሩ፡፡ እኔ ቤት ሲደርሱ ዝርዝሩን አነበብሁት፡፡ ከስሞቹ መካከል የእኒያ አረጋዊት እናት ስም ነበረበት፤ 50 ብር፡፡ የድርጅቱ ስም ግን አልነበረበትም፡፡

ድርጅቱን በስም አልጠራውም፡፡ ነገሩ የአንድ ድርጅት ነውር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍም ባላስፈለገኝ ነበር፡፡ ችግሩ የዘርፉ ልማድ መሆኑ ነው፡፡ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ለጋስ፣ ከአጥሩ ውስጥ ግን ባለዕዳ የሆነ ኢንዱስትሪ «ለኅብረተሰቡ መለስሁ» ሊል ይችላል ወይ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው አባባል ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ ዕዳ ስል ስሜት ለመቀስቀስ የተመረጠ ቃል አለመሆኑን ላስረዳ፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና ስለ አጠቃቀሙም የማስተማር ግዴታ ጥሎበታል፡፡ በሥራ ላይ ጉዳት ዘላቂ የሆነ ሙሉ የአካል ጉዳት ለደረሰበትና በመንግሥት የመድን ሥርዓት ላልታቀፈ ሠራተኛ ደግሞ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ እንዲከፈለው አዋጁ ያዛል፡፡ እንግዲህ ራስ ቁር፣ ቀበቶ፣ የጸና መወጣጫና ካሳ ከባለሀብት ደግነት የሚፈልቁ ስጦታዎች አይደሉም፤ የሚፈለጉ ዕዳዎች ናቸው፡፡

ታዲያ ዕዳው ለምን አይከፈልም? ምክንያቱ ከቅጥሩ አሠራር ላይ ይገኛል፡፡ ሥራውን በጨረታ ያሸነፈው ተቋራጭ ለንዑስ ተቋራጭ ይሰጣል፤ ንዑስ ተቋራጩ ለካፖው ይሰጣል፤ ካፖው ማለዳ በር ላይ ከተኮለኮሉት ወጣቶች መካከል በጣቱ እየጠቆመ ያስገባል፡፡ ሲመሽ የቀኑ ሒሳብ በእጅ ይሰጣል፡፡ የተፈረመ ወረቀት የለም፤ ስሙ የሰፈረበት መዝገብ ቢኖር የካፖው ደብተር ነው፡፡ ልጁ ሲወድቅ ንዑስ ተቋራጩ ወደ ካፖው፣ ዋናው ተቋራጭ ወደ ንዑስ ተቋራጩ ይጠቁማል፡፡ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ እንዳይባል ዓመትም ደመወዝም ያለው መሆኑን የሚያስረዳለት ማስረጃ የለም፡፡ ሕጉ በወረቀት ላይ አለ፤ ልጁ ግን በወረቀት ላይ የለም፡፡

በአንጻሩ ልግስናው በደንብ ይመዘገባል፡፡ በፎቶግራፍ ይመዘገባል፤ በዜና ይመዘገባል፤ በሒሳብ መዝገብም ይመዘገባል፡፡ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ ሁኔታው ሲሟላ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል፡፡ ድንጋጌው በራሱ ክፉ አይደለም፡፡ ነገር ግን ከስጦታው ከፊሉን የሚሸከመው የሕዝብ ካዝና መሆኑን ካወቅን፣ በባነሩ ላይ የአንድ ድርጅት ስም ብቻ ገዝፎ መጻፉ ጥቂት ሊያሳፍረን ይገባል፡፡

የመወጣጫው ነገር ቀላል የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ከተማ የሆነውን ያስታውስ፡፡ በግንባታ ላይ በነበረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመ የእንጨት መወጣጫ በበዓል ቀን ተደርምሶ ከ30 የሚበልጡ ምእመናን ሕይወታቸውን አጡ፡፡ አገር አዘነ፤ ማዘንም ይገባው ነበር፡፡ ይሁንና ያው እንጨት በየሰፈራችን አንድ ፌሮ ሠራተኛ ዛሬ፣ አንድ ግንበኛ ከነገ ወዲያ ሲጥል ዜና አይሆንም፡፡ ሞት በጅምላ ሲመጣ እንደነግጣለን፤ በችርቻሮ ሲመጣ ግን ለምደነዋል፡፡

«የውጭ ተሞክሮ» ማለት የምንወድ ሰዎች ስለሆንን አንድ ተሞክሮ ልጥቀስ፡፡ በብሪታንያ ላይትሃውስ ክለብ የተባለው የግንባታ ኢንዱስትሪው በጎ አድራጎት ማኅበር ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው፡፡ የሚረዳው በቅድሚያ ማንን ነው? የራሱን የኢንዱስትሪውን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸውን፡- የተጎዳውን፣ የታመመውን፣ በጭንቀት የተያዘውን፡፡ ክራሽ የተባለው ሌላው ማኅበር በ1991 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ቤት አልባ ሰዎችን ለመርዳት ነበር፤ ከገንዘብ ባሻገር የሚሰጠውም የመሐንዲሶችንና የአርክቴክቶችን ሙያ፣ የአምራቾችንም የግንባታ ዕቃ ነው፡፡ እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር አለ፡፡ እነዚህ ማኅበራት የሚሠሩት፣ በ1969 እ.ኤ.አ. አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ጉዳት ኢንሹራንስ እንዲገቡ ባስገደደና በ1974 እ.ኤ.አ. የሥራ ላይ ጤናና ደህንነት ሕግ ባወጣ አገር ነው፡፡ በጎ አድራጎቱ በሕጉ ላይ ይደረባል እንጂ የሕጉን ቦታ አይተካም፡፡

ለነገሩ ይህን ለመማር እስከ ለንደን መሄድ አያስፈልገንም ነበር፡፡ ደቦ ጠርቶ ቤት የሚያሠራ ገበሬ ለመጡለት ሰዎች የሚበላና የሚጠጣ ሳያሰናዳ ምሰሶ አያስቆምም፡፡ እድራችንም ቢሆን ለሐዘንተኛ ምጽዋት አይሰጥም፤ መዝገብ ገልጦ የሚገባውን ይከፍለዋል፡፡ ለዚህ ነው ከእድር ገንዘብ የተቀበለ ሰው አንገቱን የማይደፋው፡፡ ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ለአንድ ተቋራጭ የሚከብደው ለዘርፉ በሙሉ ጌጥ ሊሆን በቻለ ነበር፡፡

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፡፡ አንደኛ፣ ተቋራጮች በማኅበራቸው አማካይነት ከእያንዳንዱ የግንባታ ውል ጥቂት እጅ እየቀነሱ የሚያዋጡበት የዘርፉ እድር ይቋቋም፤ አስተዳደሩም የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮችን ያካትት፡፡ በማን ሥር እንደተቀጠረ ማስረዳት ያልቻለው የቀን ሠራተኛ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደርስለት ይህ ይሁን፡፡ ሁለተኛ፣ የድርጅቱ ባነር በተሰቀለበት አጥር ላይ ሌላ ሰሌዳ ይሰቀል፤ በዚህ ግንባታ ላይ ስንት ሰው እንደተጎዳና ስንቱ እንደተካሰ ሰፈርተኛው እየቆመ ያንብብ፡፡ ሦስተኛ፣ ለሰፈሩ መስጠት የሚፈልግ ድርጅት የሚያውቀውን ይስጥ፡፡ የቆፈረውን የእግረኛ መንገድ ይመልስ፤ የደፈነውን የጎርፍ መውረጃ ይክፈት፤ መሐንዲሶቹ በዓመት ጥቂት ቀን የሰፈሩን ትምህርት ቤት ግድግዳና ጣሪያ ይመርምሩ፤ በር ላይ የሚኮለኮሉትን ወጣቶች ሙያ ያስተምር፡፡

«ታዲያ የድሃ ቤት አይሠራ ነው የምትለን?» የሚሉኝ እንደማይጠፉ አውቃለሁ፡፡ ይሠራ እንጂ! የእኒያ እናት ቤት አሥር ጊዜ ይሠራ፡፡ ነገር ግን ቤቱን የሠራው ልጅ እግር ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ጋር ተቻችሎ እንዲቀር አልስማማም፡፡ «ሕጉን ካጠበቅን ግንባታው ይወደዳል፤ ሥራም ይጠፋል» የሚለው መከራከሪያም ክብደት የለውም፡፡ ወጪው ዛሬም አለ፤ በጨረታው ሰነድ ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ገጠር ያለች እናት፣ ትምህርቱን ያቋረጠ ታናሽ ወንድምና የሰፈሩ ድሆች ይከፍሉታል፡፡

በመጨረሻም ወቀሳው እኛንም ሳይነካን ማለፍ የለበትም፡፡ በእነዚያ ሕንፃዎች ላይ ቢሮ የምንከራየው፣ አፓርታማ የምንገዛው፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ወንበር ተስቦልን የምናጨበጭበው እኛ የተማርን የተባልን ነን፡፡ እኔ በዚያ ቀን ሳጨበጭብ የልጁን ነገር አውቅ ነበር፡፡ ሥራ አስኪያጁን «የወደቀው ልጅስ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ድፍረት ብቻ ነበር፤ እሱን አጣሁ፡፡ ከጡረታቸው 50 ብር ከፍለው ጥያቄውን አስቀድመው የጠየቁት ግን ምጽዋት ተቀባይ ያልናቸው እናት ናቸው፡፡ በሚቀጥለው ክረምት ድንኳኑ ሲተከል ጥያቄውን ከማይክራፎኑ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ፡፡ እናንተም በየሰፈራችሁ ጠይቁ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡