ኪኒኑ ርካሽ ነው፣ ውዱ መንገዱ ነው

እኛ አገር ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። ሥራሥር ይጨመቅለታል፣ ጠበል ይሄዳል። ሆዱ ውኃ ሲቋጥር ደግሞ ወደ ወልድያ ይጫናል። ከጠበል ጋር ጠብ የለኝም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ የማወራውም ስለ ብር ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይበላል። ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ሲደድር ሲሮሲስ ይሉታል። ቫይረሱን የሚያስታግሰው ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን ነው፣ በቀን አንድ። አዲስ ነገር አይደለም፤ የኤችአይቪ ታካሚዎች በነፃ በሚወስዱት መድኃኒት ውስጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት አገሮች ለአንድ ሰው በወር 2.40 ዶላር ገደማ ሊገዙት እንደሚችሉ ጽፏል። የብዙዎቻችን የዳታ ወጪ ከዚህ ይበልጣል።

ታዲያ ምኑ ነው የከበደው? መርሳ የማውቃቸው አንድ አባት ሆዳቸው አብጦ እያለ «መጀመሪያ የቫይረሱን ቁጥር አሠርተው ይምጡ» ተባሉ። ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ኪኒኑን ሳይጀምሩ ሁለት በሬ አለቀ።

የሚያናድደው፣ የሲሮሲስ ምልክት በግልጽ የሚታይበት አዋቂ የቫይረሱ ቁጥር ምንም ይሁን ምን ሕክምና እንዲጀምር የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያወጣው በ2007 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል በቴኖፎቪር የማከም ፕሮግራም ጀምሮ ከ1,300 በላይ ሰው መዝግቧል። ጉበታቸው ከደከመ በኋላ የመጡት የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ እጅግ የከፋ ነበር። እንግዲህ የሀብሩ ገበሬ ሁለት ከተማ አቋርጦ እስኪደርስ ምን ይሆናል?

ኪኒኑ ቫይረሱን ከሰውነት ጠራርጎ አያወጣም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ዕድሜ ልኩን ይወስደዋል፤ በመሀል ቢያቋርጥ ቫይረሱ ተነሥቶ ሊገድለው ይችላል። መንገድ በሚዘጋበት ዘመን ይህንን መድኃኒት ከአዲስ አበባ በወር በወር ማምጣት አይታሰብም። ስለዚህ መርሳ ይግባ እላለሁ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት።

እኛስ? ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ምርመራው ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ያልቃል። ነጌቲቭ ከሆናችሁ ሦስቱን ዙር ክትባት ጠይቁ። ፖዘቲቭ ከሆናችሁ «ጉበቴ እንዴት ነው?» በሉ፣ መልስ ሳታገኙም ከክፍሉ አትውጡ።