ክትባቱ በነጻ ነበር፤ ስልኩ ግን የማዳም ነበር

የአክስቴ ልጅ ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት አሥር ዓመት ሠርታለች። ዘመድ አዝማዱ ስለ እሷ የሚያውቀው የምትልከውን ገንዘብ ነው። ለእኔ ግን፣ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ይሁን ሌሊት ስለማልተኛ እንጃ፣ ሥራ ጨርሳ ጋደም ስትል በኢሞ ድምፅ ትልክልኝ ነበር። በ2013 ዓ.ም ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው የላከችው መልእክት እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። «ወንድምዬ፣ ክትባቱ እዚህ ለሚኖር ሁሉ በነጻ ነው ይባላል። ማዳምን ብጠይቃት ‘አንቺ ከቤት አትወጪ፣ ምን ያደርግልሻል?’ አለችኝ።»

እስቲ አስቡት። በር ላይ ዕቃ የምትቀበለው፣ ቆሻሻ አውጥታ የምትጥለው፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታቀርበው ይህችው «ከቤት የማትወጣ» ልጅ ናት። አልጋ ላይ የዋሉትን የማዳም እናት የምታጥባቸውም የምታጎርሳቸውም እሷው ናት። አሮጊቷ የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጉ ደግፋ መኪና ውስጥ ያስገባቻቸው፣ ክትባት መስጫው ድረስ ወስዳ ወንበር ላይ ያስቀመጠቻቸው የአክስቴ ልጅ ነበረች። እዚያው ቆማ አይታ ተመለሰች።

ይህን የማነሳው ክፉ ማዳም ለማማት አይደለም። ስለ ክፉ ማዳም ብዙ ተጽፏል። ይህችኛዋ ደግሞ ደመወዝ ሳታጓድል የምትከፍል፣ በዓል ሲመጣ «እናትሽ ጋ ደውዪ» የምትል ሴት ናት። እኔ ማለት የፈለግኩት ሌላ ነው። በዚያ ዓመት አረብ ሀገር ያሉ እህቶቻችን ክትባት ሲያመልጣቸው ብዙውን ጊዜ ሕግ ከልክሏቸው አልነበረም። ወረቀት ላይ ተፈቅዶላቸዋል። ያስቀራቸው ከሕጉ ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው፦ የመታወቂያ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር፣ እነዚህን ሁለቱን በእጁ የያዘ ሦስተኛ ሰው።

ሊባኖስ ክትባት መስጠት የጀመረችው የካቲት 7 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። የመጀመሪያው ፋይዘር ነበር፤ ለዚህም የዓለም ባንክ 34 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ዕቅዱ ዜጋም ስደተኛም ሠራተኛም ሳይል በሀገሩ የሚኖረውን ሁሉ ያካትታል ተብሎ ነበር። ዘመቻው አሥር ቀን ሳይሞላው ግን የምክር ቤት አባላት እዚያው ምክር ቤቱ ውስጥ ከተራቸው ቀድመው ተከተቡ፤ የዓለም ባንክም ድጋፉን አቆማለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። ለባለሥልጣኑ መርፌው ቢሮው ድረስ ሄደለት። ለቤት ሠራተኛዋ ግን «በኢንተርኔት ተመዝገቢ» ነው መልሱ።

ለመመዝገብ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ቁጥርና ስልክ ያስፈልጋል። ለእኔና ለእናንተ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በካፋላ ሥርዓት ለምትሠራ ሴት ግን እያንዳንዱ መስመር ግድግዳ ነው። ፓስፖርቷ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን በቃሏ አታውቀውም። የትውልድ ቀኗ ደላላ የሞላው ሊሆን ይችላል። (የአክስቴ ልጅ በፓስፖርቷ ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጣለች። በልጅነቷ ያዘልኳት ግን እኔ ነኝ።) ስልኩስ? የቀጠሮው ቀን በአጭር መልእክት ነው የሚመጣው። እሷ ያላት ሲም የሌለው፣ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ስልክ ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ የሚገባው የማዳም ቁጥር ነው። ማዳም ካልፈለገች፣ ወይም ከረሳች፣ ወይም መልእክቱን ሳታይ ካለፈችው ነገሩ እዚያው ያበቃል። ማንም እምቢ አላላትም፤ ተራዋ መድረሱን የሚነግራት ግን የለም።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አልነበረም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው በመጋቢት መጨረሻ ባወጣው ዘገባ፣ እስከዚያ ድረስ ከተከተቡት ውስጥ ሊባኖሳዊ ያልሆኑት 3 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከነዋሪው ውስጥ ግን ቢያንስ 30 በመቶ ናቸው።

ከቤት ወጥተው በየጊዜው የሚሠሩት፣ እኛ «የጠፉ» የምንላቸው፣ ስልኩ አላቸው። የእነሱ ችግር ፍርሃት ነው። ፍርሃታቸውንም ከየት እንዳመጡት እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም ግንቦትና ሰኔ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያራገፉ ሄደዋል። ሴቶች አስፋልት ዳር አድረዋል፤ ፎቶውን ሁላችንም አይተነዋል። ሐምሌ 28 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። ይህን ያየች፣ ወረቀቷ የተቃጠለባት ሴት ወታደር የቆመበት ሆስፒታል ሄዳ ስሟንና አድራሻዋን እንድትሰጥ ነው የተጠበቀው።

ሳዑዲ የባሰም የተሻለም ገጽ ነበራት። መጋቢት 21 ቀን 2012 ዓ.ም ንጉሥ ሳልማን የኮሮና ሕክምና የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸውም ጭምር በነጻ እንዲሆን አዘዙ። መልካም ውሳኔ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። በዚያው ዓመት ግን ከየመን ተገፍተው የመጡ ኢትዮጵያውያን ጂዛንን በመሳሰሉ ቦታዎች ተጨናንቀው ታስረው ነበር፤ አምነስቲም ሂዩማን ራይትስ ዎችም ሰነዱን አውጥተውታል። ሪያድ ያለ ኢቃማ የሌለው ሰው ሁለቱንም ሰምቷል። የትኛውን አምኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ?

ከዚያ ሐምሌ 25 ቀን 2013 ዓ.ም መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተከተበ ሰው ሱቅ፣ መሥሪያ ቤት፣ የሕዝብ ትራንስፖርት መግባት አይችልም ተባለ። ማስረጃው ተወከልና የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። ክትባቱ የጤና ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዳቦ መግዣ በር ሆነ። የሰፈሬ ልጅ፣ ጂዳ ግንባታ ላይ የሚሠራ፣ ለሁለት ወር ዕቃ የሚገዛለት አብሮት የሚኖር ባለ ኢቃማ ጓደኛው ነበር። «እስር ቤት አልገባሁም እንጂ ታስሬያለሁ» ይለኝ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ራሳቸውስ መቼ ፈለጉ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ፣ ያልፈለጉ ነበሩ። መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ፣ የስድስት መቶ ስድሳ ስድስቱ ወሬ፣ የስምንተኛው ሺህ ወሬ ሁሉ በኢሞ ግሩፕ ይዞር ነበር። የአክስቴ ልጅም አንድ ሰሞን «ቆይ ሌላው ተወግቶ ይታይ» ብላኛለች። ግን እኮ አዲስ አበባ ያለነውም ያንኑ ወሬ ሰምተናል። ልዩነቱ፣ እኔ ሐሳቤን የቀየርኩ ቀን የቀበሌ መታወቂያዬን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩና በግማሽ ሰዓት ጨርሼ ወጣሁ። እሷ ሐሳቧን የቀየረች ቀን የሌላ ሰው ሐሳብ እስኪቀየር መጠበቅ ነበረባት።

ነገሩ የማይቻል ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ቴል አቪቭ በየካቲት 2013 ዓ.ም መጀመሪያ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ለሆኑት ጥገኝነት ጠያቂዎችና ለውጭ ሠራተኞች የክትባት ጣቢያ ከፍታ ወረቀት ሳትጠይቅ ከትባለች። አሜሪካ በዚያው ሰሞን የኢሚግሬሽን ፖሊስ በክትባት ጣቢያዎች ሰው እንደማይዝ በይፋ አሳወቀች። አቡ ዳቢም በሰኔ 2013 ዓ.ም ቪዛቸው ያለፈባቸው ሰዎች መከተብ እንዲችሉ ፈቀደች። ከእነዚህ አንዳቸውም ለጽድቅ አላደረጉትም፤ ቫይረሱ ኢቃማ እንደማይጠይቅ ስለገባቸው ነው። ያደረጉት ደግሞ ቀላል ነገር ነው፤ መርፌ የሚወጋውን ሰው ከሚያስረው ሰው ለዩት።

የእኛስ ድርሻ? በ2015 ዓ.ም ግማሽ ሚሊዮን ሴቶችን ወደ ሳዑዲ የመላክ ዕቅድ ሲወራ፣ ክልሎች ሴቶች እንዲመዘገቡ ሲቀሰቅሱ ሁላችንም ሰምተናል። ተጓዦቹ የመጥረጊያ ማሽንና የምድጃ አጠቃቀም፣ ትንሽ አረብኛ ይማራሉ። መልካም ነው። እኔ ግን ከእነዚያ ሴቶች ስንቷ የፓስፖርቷን ቁጥር ጽፋ ለቤተሰቧ ትታ እንደምትሄድ፣ ስንቷ በራሷ ስም የወጣ ሲም ካርድ በውሏ ላይ እንደተጻፈላት ማወቅ እፈልጋለሁ። ስለ ደመወዝ መጠን ስንከራከር የሲም ካርድ ጉዳይ ተራ ነገር ይመስላል። አይደለም። ቀጠሮ የሚመጣው በእሱ ነው፤ ባንክ የሚከፈተው፣ ኤምባሲ የሚደወለው በእሱ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ አሠሪው ሳይጠየቅ ሠራተኛዋ በራሷ የምትታከምበትና የምትከተብበት አንድ አንቀጽ በሁለትዮሽ ስምምነቱ ውስጥ ለማስገባትም የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ድርድር ነው። ኤምባሲዎቻችንም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ሰው መመዝገብ ይችሉ ነበር። ሴቶቹ እዚያ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ማን የት እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ተከትባለች። የሆነው እንዲህ ነው። አሮጊቷን ሊያይ የመጣ ሐኪም ልጅቷ ስትደግፋቸው አየና ማዳምን «ይቺስ ተከትባለች?» ብሎ ጠየቀ። አልተከተበችም ስትለው ተቆጣ፤ በእናትሽ ቀልድ የለም አላት። ማዳም በዚያው ምሽት መዘገበቻት። ሐኪሙ የተጨነቀው ለአሮጊቷ ነው፤ አልፈርድበትም፣ ታካሚው እሳቸው ናቸው። ቀጠሮው የመጣው በማዳም ስልክ፣ ማስረጃውም የተላከው በማዳም ስልክ ነው።

በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ጠቅልላ ስትመለስ ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የክትባት ማስረጃ ጠየቋት። ተከትቤያለሁ አለች። አሳዪን አሏት። ከፊቷ ተሰልፎ የነበረ አንድ የሐበሻ ልጅ ስልኩን ሰጣትና ወደ ማዳም ደወለች፤ አላነሳችም። ደግማ ደወለች። አርባ ደቂቃ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ከዚያ ፎቶው በልጁ ዋትስአፕ ገባ።