ከሶፊ የመጣች እናት በማን መዝገብ ላይ ትገኛለች?

ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች ስድስቱ የከተማ ሲሆኑ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ የገጠር ናቸው። በአስተዳደር ካርታ ላይ ድንበሩ ግልጽ ነው። በእናቶች ኑሮ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። የሶፊ ሴት ምርቷን ይዛ ወደ ሐረር ገበያ ትገባለች፤ ምጥ ሲከብድባትም የምትላከው ወደዚያው ከተማ ነው። ስለዚህ የከተማ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ሲባል የእርሷም ጉዳይ ነው።

ሐረር የሐኪሞች ማሠልጠኛም ናት። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው በዚሁ ከተማ ሲሆን ተማሪዎቹ በሕይወት ፋና ሆስፒታል ይለማመዳሉ። ይሁንና ተማሪ በማዋለጃ ክፍል የሚያገኛት እናት እዚያ ለመድረስ የቻለችውን ብቻ ነው። የዘገየችው ለምን እንደዘገየች፣ ከወለደች በኋላም ወዴት እንደሄደች ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ማወቅ አይቻልም።

ይህ ክፍተት በአገር አቀፍ አኃዝም ይታያል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2016 ከነበረበት 26 በመቶ በ2019 ወደ 48 በመቶ አድጓል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ጨቅላዎች ቁጥር ግን በ1,000 በሕይወት የተወለዱ ከ29 ወደ 33 ሆነ እንጂ አልቀነሰም። በናሙና ጥናት እንዲህ ያለ ጥቂት ልዩነት ብዙ ሊባልበት አይገባም። ሆኖም ተቋም መድረስ ብቻውን ሕፃኑን እንደማያተርፍ ለመረዳት ይበቃል። በ2019 ከወለዱ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ምርመራ ያገኙት እናቶች 34 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ተማሪን ከሆስፒታል ግቢ የማስወጣት ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያደረገ ወደ ኅብረተሰቡ ይልክ ነበር። ጅማም በዚሁ ፈለግ ሄዷል። ይህን የሚጽፈው ጋዜጠኛ በግብርና ኮሌጅ ሳለ ማሳ ሳይረግጥ ስለ ማሽላ የተናገረ ተማሪ ገበሬዎች እንዴት እንደሳቁበት አይቷል።

በምሥራቅ ሐረርጌም መሠረት አለ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በቀርሳ ወረዳ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ቆይቷል፤ ከዚያም ሥራውን ወደ ሐረር ከተማ አስፋፍቷል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ የሚመረምር ዓለም አቀፍ ጥናትም በሁለቱም ቦታዎች ይካሄዳል። ሥልጠናውን ከዚህ መረጃ ጋር ማስተሳሰር ከዜሮ መጀመር አይደለም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የገጠር የጤና ኤክስቴንሽን እ.ኤ.አ. በ2003፣ የከተማው በ2009 የተጀመሩ ሲሆን እያንዳንዱ የሚቆጥረው በቀበሌው የሚኖሩትን አባወራዎች ነው። ሶፊ ተመዝግባ፣ ሐረር ወልዳ፣ በጀጎል ዙሪያ ከዘመድ ቤት የምታርስ ሴት በሁለቱ መካከል ትወድቃለች። አንዱ ሄዳለች ይላል፤ ሌላው የእኔ አይደለችም ይላል። ከመላ አገሪቱ ተመድቦ የሚመጣው ተማሪም አፋን ኦሮሞ የማያውቅ ከሆነ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ እትብት ንጽሕና በአስተርጓሚ ይጠይቃታል። ባለቤቷ ወይም አማቷ ሲያስተረጉሙ ደግሞ የምትመልሰው ሊለወጥ ይችላል።

ስለዚህ ተማሪው ለጥቂት ሳምንታት ቤቶችን ጎብኝቶ ሪፖርት ከሚያስረክብ ይልቅ አንዲትን እናት ከቅድመ ወሊድ ካርዷ አንሥቶ እስከ ሕፃኑ የ45 ቀን ክትባት ቢከተላት ይሻላል። የምታርሰው ሐረር ቢሆን ከከተማዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር፣ ወደ ሶፊ ብትመለስ ከቀበሌዋ ሠራተኛ ጋር ይሄዳል። ለዚህ መምህር፣ ተሽከርካሪና ቋንቋ ማስተማሪያ ሰዓት ያስፈልጋል። ወጪውን ኮሌጁ፣ የክልሉ ጤና ቢሮና ወረዳው እንዴት እንደሚከፋፈሉት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው መወሰን አለባቸው፤ በእስካሁኑ አሠራር የመመለሻ ትራንስፖርቱን የምትከፍለው አራሷ ናት።