ለጀማሪው ማን ይጻፍለት?



የተመረቁት ወንድሞቻችን ከእኛ ጋር በጃንጎ የሠሩት የጀመዓው የኪታብ ማዋሻ ድረ ገጽ ዘንድሮ ቆሟል። ኮዱ አለ፤ እንዴት እንደሚነሳ የሚናገር ግን አንድ ገጽ ጽሑፍ የለም። ሦስት የአንደኛ ዓመት ልጆች ሊያስነሱት ሞክረው ነበር። ፓይተን ጫኑ፣ ቀይ የስሕተት መልእክት አዩ፣ በዚያው ቀሩ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስንሠራው መጻፍ ነበረብን።

«ጃንጎ የራሱ መግቢያ አለው አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለው፤ ጥሩም ነው። በአሜሪካ ካንሳስ፣ ላውረንስ ከተማ በሚገኝ ጋዜጣ ቤት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ ፍሬምወርክ ነው። መግቢያው ጀማሪውን ትንሽ የድምፅ መስጫ ድረ ገጽ እያሠራ ያስተምራል። በመጀመሪያው ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ብሮውዘር ላይ ይታያል፤ ዳታቤዝ የሚነሳው በሁለተኛው ነው። ዝርዝሩ ሁሉ ያለበት ማጣቀሻ ለብቻው ተቀምጧል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ልጅ ግን ሁለት ትምህርት ባንድ ጊዜ ይሸከማል።

መድረሳ የቀራን ሰዎች መፍትሔው አይጠፋንም። ነሕው ስንጀምር የተሰጠን አጅሩሚያ ነበር። የሞሮኮው ዓሊም ኢብኑ አጁሩም ከሞቱ (እ.ኤ.አ. 1323) ሰባት መቶ ዓመት አልፏል፤ ኪታባቸው ጥቂት ገጽ ነው፣ ኺላፉን ሁሉ አይዘረዝርም። ያ የሸርሑ ሥራ ነው። ኡስታዛችንም ፋዒልን «ፋዒል»፣ መፍዑልን «መፍዑል» እያሉ በአማርኛ ነበር የሚያስረዱን። ለፋዒል አዲስ የአማርኛ ቃል ካልተፈጠረ አልቀራም ያለ ደረሳ አላየንም። ሰርቨርና ዳታቤዝም እንደዚያው ይቀመጡ፤ አማርኛ መሆን ያለበት ማብራሪያው ነው። (ፍሬምወርክ «ማዕቀፍ» ይባል አይባል እያሉ የሚከራከሩ ወንድሞች አሉ፤ ይከራከሩ።)

እኛ የምንለው አምስት ገጽ ይበቃል ነው፤ ፓይተን ከመጫን እስከ መጀመሪያው ገጽ። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይ ይጻፍ፤ ቀዩ መልእክት ሲመጣም ምን ማለት እንደሆነ። እዚህ ቂሊንጦ ማታ ማታ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ እንዳያስቆም መጫኛ ፋይሎቹ በፍላሽ ይዙሩ። ከዚያ ጃንጎ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ፊታችን ተቀምጦ ይሞክረው፤ እኛ አፋችንን እንያዝ። እሱ የቆመበት ቦታ ሁሉ የጽሑፉ ስሕተት ነው፤ እዚያው ይታረማል።

ኮድ የጻፈ ይወደሳል፣ መግቢያ የጻፈን የሚያስታውሰው የለም ይባላል። እውነት ነው። ቢሆንም የመጀመሪያውን ገጽ ጀምረናል። ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ እነዚያን ሦስት ልጆች ጠርተናቸዋል፤ ላፕቶፕ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም ይዛችሁ ኑ።