ለጎበዝ ታካሚ ብቻ የተሰጠ ምቾት

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በክፍያ ብቻ ይገኝ በነበረበት ጊዜ ያለው ገዛ፣ የሌለው ቀበረ። ነፃው መድኃኒት ስንቱን ከሞት አፋፍ እንደመለሰ፣ በዚያ ዘመን ለቅሶ ሲውል የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ነፃ የሆነው ኪኒኑ ነው። ኪኒኑን ለመውሰድ የሚጠፋው ቀን ዋጋ አለው።

ጉሊት የምትቸረችር እናት ጠዋት ሁለት ሰዓት ጤና ጣቢያ ደርሳ፣ ካርድ አውጥታ፣ ነርሷን አይታ፣ ፋርማሲ ጠብቃ ስትወጣ እኩለ ቀን ያልፋል። የዕለቱ ገበያ ቀረ፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ተጨመረ። የሰፈሯን ጤና ጣቢያ ትታ ሁለት ታክሲ ይዛ ሌላ ክፍለ ከተማ የምትሄደውም ጥቂት አይደለችም። የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክፍሉ በር ለብቻው በሆነበት ግቢ፣ በሩ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ለምን እንደመጣ ጎረቤቱ ጠይቆ ማወቅ አያስፈልገውም።

ይህን ሸክም በማቅለል አገራችን ቀደም ካሉት አገሮች አንዷ ናት። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሕክምናው የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይዞ እንዲሄድና በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲመጣ ተፈቀደ። ትልቅ እርምጃ ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ተነሥቶ መንገዱና ባንኩ ሲዘጋ፣ በቤቱ የወራት መድኃኒት የነበረውና የአንድ ወር ብቻ የነበረው ሰው ዕጣ አንድ ሊሆን አይችልም ነበር።

ቅሬታዬ ያለው ዕድሉን ማን ያገኛል በሚለው ላይ ነው። መጀመሪያ በወጣው መስፈርት ታካሚው መድኃኒቱን ቢያንስ አንድ ዓመት የወሰደ፣ ቫይራል ሎዱ (በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን) የወረደና ሌላ ሕመም የሌለበት መሆን ነበረበት። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች አልተካተቱም። ኋላ ላይ መስፈርቱ ቢላላም አስተሳሰቡ አልተለወጠም፤ ምቾት የሚሰጠው አስቀድሞ ለተሳካለት ሰው ነው። ያቃተው በየወሩ ይመላለሳል።

ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እንውሰድ። መስከረም ላይ ይሄዳል፣ ኅዳር አልፎ ይመለሳል። የያዘው የአንድ ወር መድኃኒት በረሃ ላይ አለቀበት። ሲመለስ መዝገቡ ላይ «ሎስት» (የጠፋ) ተብሏል፤ ሲመረመር ቫይራል ሎዱ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በየወሩ እየመጣ የምክር አገልግሎት እንዲያገኝ ይደረጋል። ምክሩ መልካም ነው፣ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው። የሚመጣው መስከረም ግን ሰውዬው አሁንም መተማ ነው፤ ቀጠሮውም አሁንም በወር። አጨዳው ከመድረሱ በፊት የአራት ወር መድኃኒት ቢሰጠው ኖሮ መጀመሪያውኑ ባልጠፋ ነበር። በሚሌ መስመር ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌርም ችግሩ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሐኪሞች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ሊናቅ የሚገባውም አይደለም። ቫይራል ሎዱ ከፍ ያለ ሰው ሳንባ ነቀርሳ ሊይዘው ይችላል፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል፣ ስለዚህ ከዓይን መራቅ የለበትም ይላሉ። ሲዲ ፎሩ (የሰውነቱ የመከላከል አቅም መለኪያ) ክፉኛ የወረደ ሰው በቅርብ መታየት እንዳለበት እኔም አምናለሁ። ግን ዛሬ አብዛኛው ታካሚ የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበትን፣ ቫይረሱ በቀላሉ የማይላመደውን መድኃኒት ነው። ይህን እየወሰደ ቫይራል ሎዱ ያልወረደለት ሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ኪኒኑ አፉ አለመድረሱ ነው። ያንን የሚፈታው በስልክ የሚደውል፣ ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው ነው። በየወሩ አግዳሚ ላይ ማስቀመጥ የቀረበትን ምክንያት ያባብሰው እንደሆነ እንጂ አያስቀርለትም።

እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2018 በከተሞቻችን የተካሄደው ጥናት፣ መድኃኒት ላይ ካሉት አዋቂዎች 88 በመቶ ገደማ ቫይረሱ እንደታፈነላቸው አሳይቷል። የቀሩት 12 በመቶ ናቸው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ስድስት ወርም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም። 180 ኪኒን የት ይደበቃል? ለባሏ ያልነገረች ሚስት፣ በሰው ቤት ተቀጥራ ሳሎን ጥግ የምትተኛ ልጅ፣ ብልቃጡ እንዳይንኳኳ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች፤ ወይም ኪኒኑን ወደ ላስቲክ ገልብጣ ብልቃጡን ትጥላለች። እንዲህ ያለችው ሴት ጥቂት ጥቂት ቢሰጣት ትመርጣለች፤ እንቢ ስትል «ምክር አልሰማ አለች» ሊባልባት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2008 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር የተጀመረው የታካሚዎች ቡድንም ወደ እኛ መጥቷል። እስከ ስድስት የሚሆኑ ታካሚዎች በየተራ አንዱን ልከው የሁሉንም መድኃኒት ያስመጣሉ። በእኛ አገር አንዱ ዓይነት ቡድን የሚመራው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ሠራተኛዋ ግን የቀበሌው ልጅ ናት፤ ከታካሚዋ አማት ጋር ቡና ትጠጣለች። ምስጢር ጠባቂ ብትሆንም ወደ ታካሚዋ ቤት ደጋግማ ስትገባ የሚያይ አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው እኔ የምመርጠው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው የሚመሩትን ነው።

ታካሚውን ከነአኗኗሩ መቀበል እንደሚቻል በሌላ መንገድ ያየነው ነገር ነው። እንጦጦ ማርያም ጸበል የገቡ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ በጊዜው የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። እምነትህን ወይም ኪኒንህን ምረጥ አልተባለም።

አሁን የሚያስፈራኝ በስልክ የሚደውለው፣ ቤት ድረስ የሚሄደው ሰው መቅረቱ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ለቀረ ታካሚ የሚደውሉት፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት አድኸረንስ ሰፖርተሮችና ኬዝ ማናጀሮች ደመወዝ ለዓመታት የተንጠለጠለው በእርዳታ ላይ ነበር። ኪኒኑ ከውጭ ቢመጣም እነሱን መቅጠር የክልልና የወረዳ በጀት ሥራ መሆን አለበት። ከዚያ በፊትም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ፤ ቀጠሮ የሚሞላው ነርስ ቀኑን ከመጻፉ በፊት ታካሚውን በየትኛው ወር የት እንደሚሆን፣ መድኃኒቱን ቤት ማስቀመጥ ይችል እንደሆነ፣ ማን እንዲደውልለት እንደሚፈልግ ጠይቆ መልሱን ካርዱ ላይ ያስፍር።