አስፋልቱ ዕድሜ አይጠይቅም

የቼልሲ ደጋፊ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14 ቀን 2006ን በቀላሉ አይረሳም። ማደይስኪ ስታዲየም፣ ሬዲንግ ከቼልሲ። ጨዋታው ከተጀመረ ገና አንድ ደቂቃ አልሞላም። ፒተር ቼክ ኳሷን ለመያዝ ወደ መሬት ሲወርድ የስቴፈን ሀንት ጉልበት ጭንቅላቱን መታው። የራስ ቅሉ ተሰበረ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። "በቃ፣ ቼክ አበቃለት" ያለው ብዙ ነው። ግብ ጠባቂው ግን ሦስት ወር ብቻ ቆይቶ በጃንዋሪ 2007 ከሊቨርፑል ጋር አንፊልድ ላይ ተሰለፈ። ራሱ ላይ የራግቢ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ጥቁር ቆብ ነበር።

ያ ቆብ ከዚያ በኋላ የቼክ መታወቂያ ሆነ። በ2012 ሙኒክ ላይ የአርየን ሮበንን ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ ቼልሲ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን ቆቡ ራሱ ላይ ነበር። በ2019 ባኩ ላይ በአርሰናል ማሊያ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግም አላወለቀውም። "ቆብ ያደረገ በረኛ ብቃቱ ይቀንሳል" የሚል ሰው ካለ መልሱን ከሮበን ይጠይቅ። ቼክን "ፈሪ" የሚል ደጋፊማ ከየትም አይገኝም።

ይኸው ጉዳይ ዛሬ ከኳስ ሜዳ ወጥቶ አስፋልት ላይ ወርዷል። አራት ጎማ ባለው ጣውላ ላይ ቆሞ ቁልቁለት የሚወርደው ወጣት ሄልሜት ያድርግ ወይስ አያድርግ? ግማሹ "ጭንቅላቱ የራሱ ነው፣ ምን አገባችሁ?" ይላል። ሌላው ደግሞ "የተሰበረ እግር በጄሶ ይጠገናል፣ ጭንቅላት ግን መለዋወጫ የለውም" ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ጣውላው ባለበት አገር ሁሉ አለ።

ለማያውቀው ሰው፣ ሎንግቦርድ ማለት ከተለመደው ስኬትቦርድ ረዘም ያለ፣ ጎማው ተለቅና ለስለስ ያለ ሰሌዳ ነው። የተለመደው ስኬትቦርድ ለዝላይና ለትርኢት ሲሆን ሎንግቦርድ ግን በዋናነት ለመንገድና ለፍጥነት የተሠራ ነው። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው። የሚያቆመው የነጂው እግር ነው፤ ጎበዝ የሆነው ደግሞ ሰሌዳውን ወደ ጎን አዙሮ እያንሸራተተ ያቆመዋል። ጎማው ሥር ትንሽ ጠጠር ከገባች ሰሌዳው ቀጥ ይላል፣ ሰውየው ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ሰሌዳው ወደ ፊት ካመለጠ ደግሞ ነጂው በጀርባው ይወድቃል፤ ያን ጊዜ እጅ ቶሎ አይደርስም፣ አስፋልቱን የሚያገኘው የጭንቅላት ኋላ ነው።

"እኔ በቀስታ ነው የምነዳው" የሚለው ምክንያትም ብዙ አያስኬድም። ከ1.6 ሜትር ከፍታ በነጻ የወደቀ ነገር መሬት ሲነካ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይኖረዋል። ይህ እንግዲህ ሰሌዳው ምንም ሳይንቀሳቀስ ነው። የአንድ ወጣት ጭንቅላት ከመሬት ያለው ርቀት ከዚህ ብዙም አይለይም። የቁልቁለቱ ፍጥነት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

የሚገርመው ደግሞ በጣም ደፋር የሚባሉት ሎንግቦርደሮች በዚህ ጉዳይ ጭራሽ የማይከራከሩ መሆናቸው ነው። በ2017 ብሪታኒያዊው ፒት ኮኖሊ በካናዳ ኬቤክ ግዛት ቁልቁለት ላይ በሰዓት 146.73 ኪሎ ሜትር በርሮ ስሙን ጊነስ መዝገብ ላይ አስፍሯል። በቁልቁለት ውድድር ዓለም ፊትን ጭምር የሚሸፍን ሄልሜት ሳያደርጉ መነሻው መስመር ላይ መቆም የለም። ቆዳ ልብሱም፣ ጓንቱም አለ። እዚያ ሄልሜት እንደ ኳስ ተጫዋች ታኬታ ነው፤ ያላደረገ አይገባም፣ አለቀ።

ታዲያ ክርክሩ ያለው የት ነው? በቀስታ የሚነዳው፣ ሰፈር ውስጥ የሚንሸራተተውና በዝላይ የሚታወቀው የጎዳና ስኬትቦርድ ዘንድ ነው። እዚያ ባዶ ራስ የነጻነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ሄልሜት ያደረገ ልጅ በኛ አገር ቋንቋ "ፋራ" ነው።

ኦሊምፒኩም ይህን ጉዳይ በግማሽ ነው የዳኘው። ሎንግቦርድ በኦሊምፒክ የለም፣ ስኬትቦርድ ግን በ2021 ከተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ አለ። በፓሪስ 2024 ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተወዳዳሪ ሄልሜት እንዲያደርግ ደንቡ ያስገድድ ነበር። 18 የሞላው ግን በራሱ ምርጫ ነው። በጎዳናው ውድድር የ14 ዓመቷ ጃፓናዊት ኮኮ ዮሺዛዋ ሄልሜት አድርጋ ወርቅ ወሰደች። በማግስቱ የአገሯ ልጅ ዩቶ ሆሪጎሜ፣ የ25 ዓመቱ፣ በባዶ ራሱ ወርቅ ወሰደ። ቦታው ያው ፕላስ ዴ ላ ኮንኮርድ ነው። ደረጃው ያው፣ ብረቱ ያው፣ ወለሉም ያው።

እስቲ ይታሰብ። አንድ ልጅ የ18 ዓመት ልደቱን ዋዜማ ላይ ጭንቅላቱ ሊጠበቅለት ይገባል፣ በልደቱ ቀን ግን አያስፈልገውም ማለት ነው? ወለሉ መታወቂያ አያይም። ኳስ ውስጥ ዳኛው "አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ የቅልጥም መከላከያህን አውልቀው" ብሎ አያውቅም። የቅልጥም መከላከያ ከ1990 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ለታዳጊውም ለሜሲም እኩል ነው። ለቅልጥም ይህን ያህል የተጨነቀ ስፖርት ባለበት ዓለም ለጭንቅላት ዕድሜ መጠየቅ ምን ይባላል?

ከደንቡ ይልቅ የሚያሳምነው ግን የስካይ ብራውን ታሪክ ነው። ለታላቋ ብሪታኒያ የምትወዳደረው ይህች ልጅ በ2020 ልምምድ ላይ ከከፍታ ወድቃ የራስ ቅሏ ተሰነጠቀ፣ ግራ እጇም ተሰበረ። በሄሊኮፕተር ነው ሆስፒታል የደረሰችው። ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። በኋላ ስትናገር ሕይወቷን ያተረፉላት ሄልሜቷና እጇ መሆናቸውን ገልጻለች። ዓመት አልፎ ቶኪዮ ላይ በ13 ዓመቷ ነሐስ፣ ፓሪስ ላይ ደግሞ ሌላ ነሐስ አጠለቀች። ያ ሄልሜት ባይኖር ኖሮ ስለ ሜዳሊያ ማውራትም ባልተቻለ ነበር።

የሌላኛው ወገን ሰዎች ግን ዝም ብለው የሚናገሩ አይደሉም፤ ሊደመጡ ይገባል። አንደኛ፣ "ሄልሜት ሁሉን አያድንም" ይላሉ። ልክ ናቸው። ስካይ ብራውን ራሷ ሄልሜት አድርጋ ነው የራስ ቅሏ የተሰነጠቀው። ሄልሜት አጥንትን ከመሰበር በደንብ ይከላከላል እንጂ አንጎል ውስጥ የሚፈጠረውን መናወጥ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ግን በረኛም ሁሉን ኳስ አያድንም። "ሁሉን ስለማያድን ጎሉን ባዶ እንተወው" ያለ አሰልጣኝ ግን እስካሁን አልታየም።

ሁለተኛው ክርክራቸው "ሄልሜት ያደረገ ልጅ ልቡ ያብጣል፣ ከአቅሙ በላይ ይደፍራል" የሚል ነው። ይሄም ነገር አለው። መፍትሄው ግን ራስን ባዶ ማስቀረት ሳይሆን አወዳደቅን ማስተማር ነው። በእግሩ ማቆም ያልቻለ ልጅ ቁልቁለት መውጣት የለበትም፤ ሄልሜት ቢያደርግም ባያደርግም።

ሦስተኛውና እውነተኛው ምክንያት ግን ማማር ነው። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ጥቂት ቢሆንም ልብ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ለዚህ መልሱ ቶኒ ሃውክ ነው። በ1999 በኤክስ ጌምስ ሁለት ዙር ተኩል፣ ማለትም 900 ዲግሪ፣ አየር ላይ ተሽከርክሮ ያረፈው ሰው ራሱ ላይ ሄልሜት ነበረው። በስኬትቦርድ ዓለም ከሱ በላይ አራዳ ማን አለ? ካናዳዊው አንዲ አንደርሰንም አለ። ለአካለ መጠን ከደረሰ ቆይቷል፣ ማንም አያስገድደውም፣ ሄልሜቱን ግን ጎዳና ላይም ሳይቀር አያወልቅም። ቶኪዮ ኦሊምፒክም ላይ አድርጎት ነው የተወዳደረው።

ብስክሌቱም በዚሁ መንገድ አልፏል። በ1991 የዓለም ብስክሌት ማኅበር ሄልሜት ግዴታ ይሁን ሲል ጋላቢዎቹ በፓሪስ-ኒስ ውድድር ላይ አምጸው ሐሳቡን አስጣሉት። "ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ምርጫችን ነው" ነበር ነገሩ። 12 ዓመት አለፈ። በማርች 2003 በዚያው በፓሪስ-ኒስ የካዛክስታኑ አንድሬ ኪቪሌቭ ያለ ሄልሜት ወደቀ፣ በማግስቱም አረፈ። 29 ዓመቱ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሄልሜት ግዴታ ሆነ። ዛሬ ቱር ደ ፍራንስ ላይ በባዶ ራሱ የሚጋልብ የለም፤ ውድድሩም ውበቱ አልቀነሰም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ስኬትቦርድና ሎንግቦርድ የራሳቸውን ኪቪሌቭ መጠበቅ የለባቸውም።

ወሬው የሩቅ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የስኬትቦርድ መጫወቻ ተሠርቷል። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ "መንገድ ለሰው" በሚባለው ቀን መኪና ሲታገድ አስፋልቱን የሚሞሉት ልጆች ናቸው፤ ጎማ ያላቸውም የሌላቸውም። ከተማዋ ራሷ ደግሞ ከእንጦጦ ጀምሮ ቁልቁለት ናት። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ መውረድ በእግርም ያስሮጣል፣ ባለ ጎማ ሲሆን ለማቆም እግዜር ይርዳ ነው። በዚያ ላይ ሚኒባሱ አለ፣ የተቆፈረው መንገድ አለ፣ ድንገት የሚሻገረው አለ።

እርግጥ ነው፣ እዚህ አገር ጉዳዩ የፋሽን ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ነው። ቦርዱ ራሱ ብዙ ጊዜ ከውጭ በስጦታ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሄልሜት ግዛ ሲባል ልጁ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ግዴታው መጀመር ያለበት ከልጁ ሳይሆን ከሚሰጠው ሰው ነው። ከዲያስፖራ ቦርድ የሚልክ ወዳጅ ቦርዱን ብቻ አይላክ፣ ሄልሜቱንም አብሮ ይላክ። በመጫወቻው ቦታ አምስት ሄልሜት ካለ አምስት ልጅ ይንዳ፣ ሌላው ተራውን ይጠብቅ። ሰፈር ውስጥ አንድ ኳስ ለሃያ ልጅ ሲበቃ ኖሮ የለም እንዴ?

አጠቃቀሙንም ማወቅ ደግ ነው። የብስክሌት ሄልሜት ውስጡ ያለው ፎም አንዴ በኃይል ከተመታ ተጨፍልቆ ሥራውን ጨርሷል፤ መጣል አለበት። የስኬትቦርድ ሄልሜት ቀለል ያሉ ምቶችን ደጋግሞ እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፤ እሱም ቢሆን ከተሰነጠቀ አበቃ። አገጭ ሥር ያልታሰረ ሄልሜት ደግሞ ሄልሜት ሳይሆን ኮፍያ ነው፤ ሰውየው ሳይወድቅ ቀድሞ ይወድቃል።

ከሁሉም በላይ ግን የትልልቆቹ ኃላፊነት አለ። የ10 ዓመቱ ልጅ ደንብ አያነብም፣ የሚያየው የሰፈሩን ጎበዝ ነው። ጎበዙ በባዶ ራሱ ቁልቁለቱን ከወረደ ልጁም ይወርዳል። ጎበዙ ማሰሪያውን አስሮ ሲነሳ ካየ ግን "ፋራ" የሚለው ስድብ በማግስቱ ይሞታል። ለዚህ የፌዴሬሽን ስብሰባ አያስፈልግም።

ቼክ ያን ቆብ ያደረገው ከተሰበረ በኋላ ነው። እሱ ዕድለኛ ነበር፤ ለመማር ሁለተኛ ዕድል አገኘ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሞ ታች የሚያየው ልጅ ግን ሁለተኛ ዕድል ይኑረው አይኑረው የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ማሰሪያውን ለማሰር አምስት ሰከንድ ይበቃል።